ጫካን ቀድሞ ማቃጠል ለድሬዳዋና ለሐረር ውሃ ይበጃል?

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የሎስ አንጀለስ ቃጠሎ ቪዲዮ በየስልካችን ሲዞር አንድ ሐሳብም አብሮ ዞረ። ጫካውን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ቢያቃጥሉት ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር የሚል። ሐሳቡ ለአሜሪካ ብቻ አልቀረም። በጋ ላይ ከድሬዳዋ በላይ ካለው የደንገጎ ቁልቁለት ወይም ከሐረር ዙሪያ ተራሮች ጭስ በታየ ቁጥር ድሬዳዋም ሐረርም ውስጥ ክርክሩ ይነሳል። አንዱ "ቃጠሎ ለመሬቱ ጥሩ ነው፣ ውጭ አገር ሆን ብለው ያደርጉታል" ይላል። ሌላው "የወደቀው ቅጠል ነው ውሃ የሚይዘው፣ ካቃጠላችሁት ምንጩ ይደርቃል" ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ጋ እውነት አለ። ግን እሳቱ የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት አፈር ላይ እንደሚነሳ ካልተጠየቀ ክርክሩ የትም አይደርስም። ለእኛ ደግሞ ጥያቄው የመጠጥ ውሃ ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችን የማያውቅ የከተማዋ ሰው የለም። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ መምጣቱን ያሳያል። ሐረር በበኩሏ ለብዙ ዓመታት ከሐሮማያ ሐይቅ ስትጠጣ ኖራለች። ሐይቁ በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ ግን ድሬዳዋ አካባቢ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውሃ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣላት ጀመር። በሌላ አነጋገር ሁለቱም ከተሞች ከላይ ተራራው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ መሬት መስረግ አለመስረጉ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

በቁጥጥር ማቃጠል ሲባል

በቁጥጥር ማቃጠል እንደ ስሙ ቁጥጥር ይፈልጋል። ባለሙያዎች ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን ፍጥነትና የቅጠሉን እርጥበት ይመርጣሉ። ዙሪያውን እሳት የማይሻገረው መስመር ይጠርጋሉ። ሰውና ውሃ ያዘጋጃሉ። ከዚያ መሬት ለመሬት የሚሄድ ዝቅተኛ እሳት ይለኩሳሉ። ዓላማው ደረቅ ሣር፣ ቅጠልና ጭራሮ ለዓመታት ተከማችቶ አንድ ቀን ዛፉን እስከ ጫፉ የሚበላ እሳት እንዳይነሳ ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ ረጅም ቅጠል ያላቸው የፓይን ጫካዎች በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ እንዲህ ይቃጠላሉ። ምዕራብ አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ1961 ድዌሊንጋፕ የምትባል ከተማን ካወደመው እሳት በኋላ ሥራውን በሰፊው ይዛዋለች።

እኛ በጋ ላይ የምናየው ጭስ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። አዲስ ማሳ ለመመንጠር፣ ለከብት ሣር እንዲያቆጠቁጥ፣ ከሰል ሲከሰል ወይም ማር ሲቆረጥ የሚነሳ እሳት አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሁሉም ነገር ክው ብሎ በደረቀበት ወቅት ነው። ማንም እርጥበት አልለካም፣ መስመርም አልጠረገም። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ በደን ላይ እሳት መለኮስን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ "ውጭ አገርም ያቃጥላሉ" የሚለው ንግግር ስለ ሌላ ሥራ ነው የሚያወራው።

የወደቀው ቅጠል ሥራ

ጫካ ውስጥ መሬቱን ብትገልጡት ሦስት ሽፋን ታገኛላችሁ። ላይ ያለው ገና ቅርጹ ያልጠፋ ቅጠል፣ ቅርንጫፍና ፍሬ ነው። ከሥሩ ግማሽ በግማሽ የበሰበሰ፣ በነጭ የሻጋታ ክር የተያያዘ ሽፋን አለ። ከእሱ በታች ጥቁሩ ብስባሽ ይመጣል፤ ቅጠል መሆኑ የማይለይ፣ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል የጀመረ።

ሰው ሁሉ ይህን ሽፋን ስፖንጅ ይለዋል። አባባሉ ያስኬዳል፤ ግን ሒሳቡን ብንሠራው ያስገርማል። በ1 ሄክታር ላይ 5 ቶን ደረቅ ቅጠል ወድቋል እንበል። ይህ በ1 ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ቅጠሉ የክብደቱን 2 እጥፍ ውሃ ቢይዝ የሚያቆየው 1 ሊትር ነው። በዝናብ መለኪያ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ! አንድ ከባድ ዝናብ ግን በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ሊያወርድ ይችላል። ቅጠሉ ራሱ የሚይዘው ከዚህ ውስጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

እንግዲህ ውሃውን የሚይዘው ማነው? አፈሩ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደህና አፈር በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 50 ሊትር ለተክል የሚሆን ውሃ ሊያቆይ ይችላል። ከዚያ የተረፈው እየወረደ ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል። የቅጠሉ ትልቁ ሥራ ይህን በር ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው። የዝናብ ጠብታ ራቁት አፈር ላይ ሲያርፍ አፈሩን ይፈረካክሰዋል። የተፈረካከሰው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ላዩ ላይም እንደ ልስን ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ውሃው መግቢያ ያጣና ቁልቁል ይሮጣል። ቅጠል ያለበት መሬት ላይ ግን ጠብታው ኃይሉን ቅጠሉ ላይ ይጨርሳል። የሚፈሰውም ውሃ በየቅጠሉና በየጭራሮው እየተደናቀፈ ይዘገያል። ምስጡ፣ የመሬት ትሉና ጥቃቅኑ ነፍሳት ሁሉ ቅጠሉን ሲበሉ አፈሩን ይበሱታል። ፀሐይም በቀጥታ ስለማያገኘው ትነቱ ይቀንሳል።

ለዚህ ነው ስለ ቃጠሎ ሲወራ "ስንት ቅጠል ነደደ" የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይበቃው። ዋናው ጥያቄ እሳቱ ካለፈ በኋላ መሬቱን የሚሸፍን ምን ቀረ፣ ጥቁሩ ብስባሽስ ተረፈ ወይ ነው። የአፈር ባለሙያዎች ከመሬቱ 60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ተሸፍኖ ከቀረ የአፈር መሸርሸሩ በጣም እንደሚቀንስ ይናገራሉ። ሽፋኑ ከዚያ እያነሰ ሲሄድ ጉዳቱ በፍጥነት ያድጋል።

እሳቱ ምን ያህል ወደ ታች ይወርዳል?

ይህን የሚወስነው እርጥበት ነው። ብስባሹ የያዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 120 በመቶ በላይ ከሆነ እሳቱ ላይ ላዩን ቅጠል ልሶ ያልፋል፤ ብስባሹ አይነድም። ከ30 በመቶ በታች ከወረደ ግን ላዩ ቢጠፋም ብስባሹ ብቻውን፣ ያለ ነበልባል፣ እየጨሰ ለሰዓታት አንዳንዴም ለቀናት ይነዳል። ብዙ ሰው የሚፈራው ነበልባሉን ነው። ለአፈሩ ግን ይህ ዝም ብሎ የሚጨሰው እሳት ይብሳል፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆያልና።

አፈር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ፈጥኖ የሚያልፍ የቅጠል እሳት ላዩን ቢለበልብም 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ብዙም ላይሰማ ይችላል። በተለይ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አይዘልም። ይህ ቁጥር ለምን እንደሚጠቅም ቀጥለን እናያለን። በደረቅ አፈር ላይ ግንድ ወይም የተከመረ ጭራሮ ሲነድ ነገሩ ሌላ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ከ200 ዲግሪ ጀምሮ መቃጠል ይጀምራል። ሥሩም ዘሩም ከዚያ በጣም ቀድሞ ያልቃል፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ለሥር ሞት ይበቃል።

ውሃ የማይጠጣ አፈር

ከቃጠሎ በኋላ አንዳንድ አፈር ውሃ ሲፈስበት አይጠጣም። ጠብታው በቅባት ላይ እንዳረፈ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። በሳይንሱ ይህን ሃይድሮፎቢክ ይሉታል፤ ውሃ የሚገፋ ማለት ነው። ምክንያቱ ቅጠል ውስጥ ያለው ሰምና ዘይት ነው። ቅጠሉ ሲነድ ይህ ሰም ይተናል። ከፊሉ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከፊሉ ወደ አፈሩ ገብቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲያገኝ የአፈሩን ቅንጣት እንደ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ የሚጠነክረው ሙቀቱ ከ175 እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከ280 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ራሱ ይቃጠልና ይጠፋል። እርጥብ አፈር ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅማል። መሬቱ ረጥቦ ሳለ የተነሳ ዝቅተኛ እሳት አፈሩን ለዚህ ችግር የማድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። በየካቲት፣ ሁሉም ደርቆ ሳለ፣ የተነሳ እሳት ግን በትክክል እዚያ ሊያደርሰው ይችላል።

ይህ ክስተት በደንብ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ የደቡብ ካሊፎርኒያ ተራሮች ናቸው፤ ያው ሎስ አንጀለስን የከበቡት። እዚያ ሰው የሚፈራው እሳቱን ብቻ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣውን ዝናብም ነው። ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በሞንቴሲቶ ከተማ በላይ ያለው ተራራ ተቃጠለ። ጥር ላይ ለጥቂት ደቂቃ የወረደ ኃይለኛ ዝናብ ጭቃና ቋጥኝ ይዞ ከተማዋ ላይ ወረደና ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ እሳት በቁጥጥር የተነሳ አልነበረም፤ ሰደድ እሳት ነበር። ግን ገደል በሚመስል ተራራ ሥር ለተቀመጠ ከተማ የሚናገረው ነገር አለ።

የእኛ ጫካ ችግሩ ሌላ ነው

የቁጥጥር ቃጠሎ መነሻ ሐሳብ ቅጠልና ጭራሮ በዝቶ ተከማችቷል የሚል ነው። ከድሬዳዋ በላይ ባለው ተዳፋትና በሐረር ዙሪያ ግን በአብዛኛው የሚታየው ተቃራኒው ነው። ቅጠሉ ከመሬት ሳይቆይ ይለቀማል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠርጎ ለእንጀራ መጋገሪያ ይሄዳል። ጭራሮው በሴቶች ጀርባና በአህያ ወደ ገበያ ይወርዳል። ሣሩን ፍየልና ከብት ይግጠዋል። የማሽላ አገዳው እንኳን ማሳ ላይ አያድርም፤ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ይህ የኑሮ ጉዳይ ስለሆነ ሰዉን መውቀስ አይገባም። ግን ቀድሞውኑ የሳሳን ሽፋን በእሳት "ለመቀነስ" ማሰብ ያልታመመን ሰው ማከም ነው የሚሆነው።

ዛፎቹም ይለያያሉ። የአሜሪካው ፓይን ወፍራም ቅርፊት አለው፣ ዝቅተኛ እሳት አይገድለውም፤ ችግኙም እሳትን ለምዶ የተፈጠረ ነው። በተራራችን ላይ የቀረው የሐበሻ ጽድ ግን እሳት አይችልም። በቀላሉ ይሞታል፣ ለማደግም ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠም ከተቃጠለም መልሶ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ግን በዘይት የተሞላ ነው፣ በደንብ ይነዳል፤ ሥሩ ያለው አፈርም ሳይቃጠል እንኳን ውሃ የመግፋት ጠባይ ያሳያል።

ማቃጠልን የሚደግፉት ምን ይላሉ?

ደጋፊዎቹ የሚያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ከቦረና የመጣ ነው። የቦረና አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን በየተወሰነ ጊዜ ያቃጥሉ ነበር። በደርግ ዘመን ይህ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦው መሬቱን ወረረው፣ ሣሩ ጠፋ። ኋላ ላይ በባለሙያ የተደገፈ ቃጠሎ እንደገና ተሞክሯል። እሳትን ሙሉ በሙሉ መከልከል ሁልጊዜ ተፈጥሮን ማዳን ማለት እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለቆላው ሣርና ግራር መሬት፣ ለምሳሌ ወደ ኤረር ሸለቆ ለሚወርደው ሜዳማ አገር፣ ክርክሩ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው የውሃ ክርክር ነው። ቅጠልና ቁጥቋጦ ቀለል ያለውን ዝናብ ከመሬት ሳይደርስ ይይዙትና ይተናል፤ ዛፍም ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሲቃጠል ወንዝ ላይ የሚደርሰው ውሃ ይጨምራል ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ዛፉ ከሞተ የሚወርደው ውሃ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ነገር ግን እኛን የሚያሳስበን እንዴት ይወርዳል የሚለው ነው። በ1 ሄክታር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 400 ሺህ ሊትር ነው። ግማሹ ሳይሰርግ ቢሮጥ 200 ሺህ ሊትር፣ ማለትም 10 ሺህ ሊትር የሚይዙ 20 ቦቴዎች፣ ከአንድ ሄክታር ብቻ። ከመቶ ሄክታር ቢሆን 2,000 ቦቴ በአንድ ጊዜ ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ውስጥ ማፍሰስ ማለት ነው። ውሃው ጨምሯል። ግን ማን ሊጠጣው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መካድ አይገባም። ጎርፍ ሁሉ ለከርሰ ምድር የከሰረ አይደለም። ደቻቱን የመሰሉ አሸዋማ ወንዞች ውሃ ሲወርድባቸው ከፊሉን ወደ ታች ያሰርጋሉ፣ ጉድጓዶቹም ከዚያ ይጠቀማሉ። ችግሩ ጎርፉ አመድና ደለል ይዞ ሲመጣ ነው። ደቃቁ ደለል አሸዋው ላይ ሲቀመጥ ያንኑ ማስረጊያ ይደፍነዋል። ሐሮማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ ሲባል ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱም፣ ለመስኖ ከሚሳበው ውሃ ጋር፣ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለል ነው።

ተዳፋትና የዝናብ ቀን

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ ውስጥ ብዙ ዝናብ ስለዘነበ አልነበረም፤ ውሃው የመጣው ከላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ተራራ እስከ ከተማዋ ያለው ርቀት አጭር፣ ቁልቁለቱም ጭው ያለ ነው። ላይኛው መሬት የሚያሰርገው በጥቂቱ ከቀነሰ ታች የሚደርሰው ልዩነት ትልቅ ይሆናል።

አሁን ጊዜውን እንመልከት። እዚህ አካባቢ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በልግ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ክረምት ከሐምሌ እስከ መስከረም። ጥር ወይም የካቲት ላይ የተቃጠለ ተዳፋት በልጉ ሲደርስ ራቁቱን ነው። የሚሸፍነው ሣር ገና አልበቀለም። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የሚያርፈው አመድና ባዶ አፈር ላይ ነው። አመዱ መጀመሪያ ትንሽ ውሃ ይይዝ ይሆናል፣ ሲታጠብ ግን ቀዳዳውን ይደፍናል።

"እንግዲያው ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ እንዳለቀ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ቢቃጠልስ?" የሚል ሰው አለ። ለአፈሩ ሙቀት ይህ ይሻላል። ብስባሹ ይተርፋል፣ አፈሩም ውሃ የመግፋት ጠባይ የማምጣት ዕድሉ ያንሳል። ግን መሬቱ አምስት ወር ያህል ሳይሸፈን በፀሐይና በነፋስ ይቆያል፤ በበጋ ሣር አይበቅልምና። ዝናቡ ሊገባ ሲል ማቃጠል ደግሞ ሣሩ ቶሎ እንዲያገግም ይጠቅማል፤ አርብቶ አደሮችም የሚመርጡት ይህን ነው። ሜዳ ላይ ያዋጣል። ተዳፋት ላይ ግን አንድ ቀድሞ የመጣ ዝናብ ሁሉንም ያበላሻል። የደንገጎን ዓይነት ቁልቁለት በተመለከተ፣ በእኔ ግምት የሚያዋጣ የማቃጠያ ቀን የለም። የአንዱን አደጋ ብንሸሽ የሌላው ውስጥ እንገባለን፤ የሚቀንስልን የቅጠል ክምችትም መጀመሪያውኑ የለንም።

ጉዳቱ ዘላለማዊ እንዳልሆነም መናገር ያስፈልጋል። ውሃ የመግፋት ጠባዩ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይለቃል። ቅጠሉም ዛፉ ከተረፈና ሰው ካልለቀመው ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መልሶ ይከማቻል። ችግሩ "ሰው ካልለቀመው" የሚለው ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ከቃጠሎ በኋላ መሬቱ ተመልሶ ይሸፈናል። እዚህ ከተቃጠለ በኋላ ፍየል ይገባበታል፣ የተረፈው ግንድ ለከሰል ይሄዳል። በቁጥጥር የተቃጠለ መሬት ከቃጠሎው በኋላም ለአንድ ወይም ለሁለት የዝናብ ወቅት መከለል አለበት። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ስለ ማቃጠል ማውራቱም ቢቀር ይሻላል።

በእሳት ፈንታ፣ ከእሳትም በኋላ

የሰደድ እሳት ስጋት ያለባቸው ቦታዎች አሉ፤ በተለይ ጥቅጥቅ ያሉ የባሕር ዛፍ ተክሎችና ከንክኪ ነፃ ተደርገው ሣር የሞላባቸው ተራሮች። እዚያ ሣሩን አጭዶ ለመኖ መውሰድ ስጋቱን ይቀንሳል፣ ለገበሬውም ገቢ ነው። በኮረብታው ወገብ በተወሰነ ርቀት የተጠረገ መስመር እሳቱ እንዳይሻገር ያደርጋል። መስመሩ ግን ቁልቁል መጠረግ የለበትም፤ በክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ቅጠል የሚለቅሙ ሰዎችም ሙሉ በሙሉ ከሚከለከሉ ከመንገድ ዳርና ከሜዳው እንዲወስዱ፣ ተዳፋቱን ግን እንዲተዉት መስማማት ይቻላል። ከከለከሉት ማታ ይመጣሉ።

አንድ ተዳፋት ከተቃጠለ ደግሞ ዝናቡ ሳይመጣ የሚሠራ ቀላል ፍተሻ አለ። በተለያየ ቦታ አመዱን ገለጥ ማድረግና በአፈሩ ላይ የውሃ ጠብታ ማንጠባጠብ ነው። ከዚያ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ መድገም። ጠብታው ሳይሰርግ ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ አፈሩ ውሃ መግፋት ጀምሯል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ የማሽላ አገዳ፣ ገለባ ወይም የተቆራረጠ ቅጠል መሬቱን ቢያንስ 60 በመቶ እስኪሸፍን መበተን፣ የወደቀውን ግንድ በኮረብታው ወገብ አግድም ማጋደም፣ ድንጋይ ባለበት ድንጋይ መደርደር ያስፈልጋል። ከመንደር፣ ከመንገድና ከወንዝ መነሻ በላይ ያለው ይቅደም። ጥር ላይ ለተቃጠለ መሬት ይህ ሥራ መጋቢት ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት።